የተገለበጠ መዳፍ

ኤርሜቴ ቶጋኒ በገዛ ምድር ቤቱ፣ ከበርሜሎቹ ሥር፣ የአባቱን ጣሳ እንደጨበጠ ሞቶ ተገኘ ቢባል ስህተት ነው። ሞቶ አልተገኘም። ስምንት ሰው እያየው፣ ያውም እየሳቀና እያጨበጨበለት ነው የሞተው።

ወሬው ከኮረብታው ወርዶ መንደራችን ካስቴልቬርጎ ሲደርስ ማሬሻሎ ኦርኔላ ባርዳዚ ለምሳ ተቀምጣ ነበር። ኦርኔላ የመንደሩ ፖሊሶች፣ የካራቢኔሪዎቹ፣ አዛዥ ናት። ቁመቷ ከበርሜል እምብዛም አይበልጥም፤ ጆሮዋ ግን ሌላ ጉድ ነው። ሦስት ኮረብታ ማዶ የተነገረ ውሸት ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል፤ ይህን የሚመሰክረው ደግሞ መንደሩ በሙሉ ነው፣ ቄሱ ጭምር። ፓስታዋን ሳትነካ ስትነሳ ያየ ሁሉ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባው። ኦርኔላ ፓስታ ትታ የተነሳችው በዕድሜዋ ለሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ለመሬት መንቀጥቀጥና ለኤርሜቴ ቶጋኒ።

መኪናዋ ዳገቱን ሳትጨርስ የሲየናው ዐቃቤ ሕግ ደወለ።

«የወይን ጠጁን የቀዳችለት አንዲት ሆላንዳዊት ናት አሉ?»

«አሉ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሳይመሽ ይዘሽልኝ ነይ። ነገ አገሯ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ እኔና አንቺ የጋዜጣ መሳቂያ ነን።»

«ሬሳውን እንኳ ገና አላየሁም እኮ።»

«ሬሳው የትም አይሄድም። የምትሄደው ሴትዮዋ ናት።»

ኦርኔላ ስልኩን ዘግታ ኪሷ ከተተችው። ከምሽት በፊት ትክክለኛውን ሰው ካላገኘች ሆላንዳዊቷ እጇ ታስሮ ከኮረብታው መውረዷ ነው።

የቶጋኒ የወይን እርሻ ከኮረብታችን ጫፍ ላይ ነው። የዚያን ቤት ቀይ ጠጅ የቀመሰ ሰው የሌላውን ሁሉ ኮምጣጤ ይለዋል፤ አንድ ጳጳስ ሦስተኛውን ብርጭቆ ሲጨርስ ኃጢአቱን ጮክ ብሎ ተናዝዟል። ጠጁን ለማየት ሐሙስ ሐሙስ ጥቂት እንግዶች በሚኒባስ ከሲየና ይመጣሉ። የሚያመጣቸው አስጎብኚው ሎሪስ ጄናይ ነው። ሎሪስ ያለ አባት ያደገ የመንደሩ ልጅ ነው፤ አምስት ቋንቋ ይናገራል፣ በአምስቱም ያስቃል። የዛሬዎቹ እንግዶች አምስት የሆላንድ ገጠር ጡረተኞች ነበሩ፤ ከራሳቸው ቋንቋ ሌላ ቃል አያውቁም። የቤቱ ሰዎችም ሆኑ ኦርኔላ ከጣልያንኛ በቀር አያውቁም። ስለዚህ ሎሪስ የሁሉም አፍ፣ የሁሉም ጆሮ ሆኖ ዋለ።

ምድር ቤቱ ውስጥ የመንደሩ ዶክተር ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ጣሳውን አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

«ትምባሆ ትምባሆ ይላል። ድሮ ወይኑ ላይ ይረጭ የነበረው የተባይ መርዝ ነው፤ ከታገደ ስንት ዘመኑ! ጣሳው ውስጥ፣ ከሥሩ፣ እንደ ሙጫ ተቀብቶ ደርቋል። በጠቆረ ቆርቆሮ ውስጥ ማን ያየዋል?»

«በርሜሉስ?»

«ጠባቂውን ጉዌሪኖን ጠይቂው። ‹ኤርሜቴን የገደለው የእኛ ጠጅ ከሆነ እኔንም ይግደለኝ› ብሎ ማንም ሳያስቆመው አፉን ከቧንቧው ገጥሞ ጠጣ። ይኸው፣ ከሰከረ በቀር ምንም አልሆነም።»

ኦርኔላ ዞር ዞር ብላ አየች። በርሜሎቹ በመስመር ተደርድረዋል። በዚህ ቤት ልጅ ሲወለድ አንድ በርሜል በስሙ ይሰየማል፤ ስሙም በጋለ ብረት ይተኮሳል። የመጀመሪያው የኤርሜቴ አባት ነው፣ ሁለተኛው የኤርሜቴ፣ ሦስተኛው የሴት ልጁ የኢልዴ። ከኢልዴ ቀጥሎ አዲስ በርሜል በአልጋ ልብስ ተሸፍኖ ቆሟል። ኦርኔላ የአልጋ ልብሱን ጫፍ ገልጣ አየችና ቀስ ብላ መልሳ ሸፈነችው።

«ምን አለበት?» አለ አብሯት የመጣው ወታደር ፉሲ።

«በርሜል» አለችው።

ከምድር ቤቱ በር ላይ፣ በወይን ዳሱ ሥር፣ ምሳው እንደተጀመረ ተትቷል፤ ጉበት የተቀባ ዳቦ፣ የዱር አሳማ ወጥ፣ ቀይ ብርጭቆዎች። እዚያ ነበር ነገሩ የተጀመረው። ከእንግዶቹ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው ወይዘሮ ሄንድሪካ ድንገት ተነስታ ጠርሙስ አነሳችና ለኤርሜቴ ቀዳችለት፤ መዳፏን ወደ ሰማይ ገልብጣ።

በእኛ አገር ይህን የሚያደርግ የለም። ጠጅ ሲቀዳ መዳፍ ወደ ታች ነው። ጠርሙሱን ከሥር ይዞ፣ መዳፉን ገልብጦ የቀዳ ሰው በከሃዲ እጅ ቀዳ ይባላል። ድሮ መሳፍንቱ መርዝ በቀለበታቸው ሸሽገው ሲዞሩ፣ እጃቸውን እንዲህ ሲገለብጡ ነበር አሉ መርዙ ብርጭቆ ውስጥ የሚራገፈው። በዚህች እጅ የተነሳ ሠርግ ፈርሷል፣ ወንድማማች ተካስሷል፤ ሁለት መንደሮች አርባ ዓመት ሙሉ ድልድያቸውን ሳይሻገሩ ኖረዋል።

ኤርሜቴ ደግሞ የራሱ ሥርዓት ነበረው። እንዲህ የተቀዳለትን መሬት ላይ ይደፋል፤ ከበርሜሉ ጎን ከምስማር ላይ የአባቱን ጣሳ ያወርዳል፤ ከአባቱ በርሜል ይሞላና ባንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። ከዚያም «ስድቡን አጠብኩት!» ብሎ ያውጃል። ዛሬም እንግዶቹን አስከትሎ ወርዶ፣ ደፋ፣ አወረደ፣ ሞላ፣ ጨለጠ። አጨበጨቡለት። ማወጁን ግን አልጨረሰም።

ኦርኔላ መጀመሪያ የጠየቀችው ጉዌሪኖን ነው። ምድር ቤቱን ሲጠብቅ ያረጀ ሰው ነው፤ ኦርኔላን ከእናቷ ጀርባ ጀምሮ ያውቃታል።

«ጣሳውን ማን ይነካዋል፣ ጉዌሪኖ?»

«ማንም! ሸረሪት እንኳ ደፍሮ አያደራበትም። ለመጨረሻ ጊዜ የወረደው ያ የሚላኖ ጠበቃ የቀዳለት ጊዜ ነው። ያኔ አንቺ ገና ቀጭን ነበርሽ።»

«እርስዎም ገና ጥርስ ነበረዎት። መርዙስ የማን ነው?»

አንገቱን ደፋ። «የእኔ። መጋዘኑ ውስጥ ጥግ ላይ ተረስቶ የቀረ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ አለ። መጣል ነበረብኝ። ቁልፉ በሩ ላይ ምስማር ላይ ነው የሚሰቀለው፤ ውሻው ሳይቀር ያውቃል።»

«ኤርሜቴ ጠላት ነበረው?»

«ሌባ ነበረበት። ባለፈው ሳምንት ሲየና አንድ ምግብ ቤት ገባ፤ የራሱን ስም የለጠፈ ጠርሙስ አቀረቡለት። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና አለቀሰ። ‹ጉዌሪኖ፣ አንዱ ሌባ የሌላ ሰውን ጠጅ የእኔን ልብስ አልብሶ ይሸጣል› አለኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ ሁላችንም ባለንበት፣ ‹ከምሳ በኋላ የምናገረው ነገር አለኝ› አለ። እኔማ ‹አርጅተሃል፣ ቤትህ ግባ› ሊለኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።»

«ሆላንዳዊቷንስ ከምሳ በፊት አይተዋታል?»

«ከሚኒባሱ ጀርባ ከሎሪስ ጋር ቆማ እጇን እንዲህ እንዲህ ታደርግ ነበር። ተርብ መስሎኝ ጨርቅ ላመጣላት ነበር፤ ሲስቁ ሳይ ተውኩት። ምስኪን፣ ባዕድ ናት፣ ምን ታውቃለች?»

ኢልዴ ወጥ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ደርቋል፤ ኦርኔላ ከሚያለቅስ ሰው ይልቅ ያልጀመረ ሰው ያስፈራታል።

«ከአባትሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«የሆቴል ሰዎች እርሻውን ሊገዙ መጡ። እኔ እንሽጥ አልኩ። እሱ ‹ስሞት ትሸጪዋለሽ› አለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ። በይ ጻፊው።»

«ከምሳ በኋላ የሚናገረው ነገር ምን ነበር?»

«ከርስቱ ሊነቅለኝ መስሎኝ ነበር። ምን አውቃለሁ፣ ለእኔ የሆዱን መንገር ካቆመ ቆየ። ለሎሪስ ነበር የሚነግረው።» ከዚያ ድምጿ ላላ። «ሎሪስ ባይኖር ዛሬ እኔም ወድቄ ነበር። አባቴ ሲወድቅ ጭንቅላቱን መሬት ሳይነካ የያዘው እሱ ነው። ወንድም ቢኖረኝ ከዚህ በላይ አይሆንልኝም።»

ሄንድሪካን ለመጠየቅ አስተርጓሚ ያስፈልግ ነበር፤ ያለው ደግሞ ሎሪስ ነው። ሦስቱ ከዳሱ ሥር ተቀመጡ። አሮጊቷ እንደ ትልቅ የእህል ጆንያ ሰፊና ጽኑ ናት፤ ፊቷ በለቅሶ ቀልቷል።

«ለምን እንዲያ አድርጋ እንደቀዳች ጠይቅልኝ» አለች ኦርኔላ።

ሎሪስ ጠየቀ። ሄንድሪካ ብዙ ተናገረች። መሐል ላይ እጇን አውጥታ መዳፏን ወደ ላይ ገለበጠች፤ ከዚያ ያንኑ እጅ በሎሪስ ክንድ ላይ አሳርፋ፣ በአገጯ ወደ እሱ እያመለከተች፣ እንባዋን እየዋጠች ፈገግ አለች።

«‹አላወቅኩም› ነው የምትለው» አለ ሎሪስ። «የእጇ አንጓ ያማታል፤ በሌላ ዓይነት መቅዳት አትችልም።»

«ይህን ሁሉ አውርታ ይቺው ብቻ?»

«ኧረ ማሬሻሎ፣ ሆላንዶች ቃል ያበዛሉ! እኔ ባላሳጥርላቸው ሚኒባሱ ሲየና አይደርስም።»

ኦርኔላም ሳቀች። የደረቀ ጉሮሮዋን በእጇ አሳየችና በቀጭን ድምፅ ሳለች። ሄንድሪካ ወዲያው ገባት፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን፣ አንድ በሬ የሚያህል የሸክላ ማሰሮ በአንድ እጇ አንስታ፣ መዳፏ ወደ ታች፣ ጠብታ ሳታፈስ ውሃ ቀዳችላት። ኦርኔላ አመስግና ጠጣች። ሎሪስ በዚያ ጊዜ ወደ ምድር ቤቱ በር እያየ ነበር።

«አንተስ» አለችው ብርጭቆውን አስቀምጣ፣ «ኤርሜቴ ምን ሊናገር እንደነበር ታውቃለህ?»

«በፍጹም። እኔ ተራ አስጎብኚ ነኝ፤ ማን ያማክረኛል?»

ኦርኔላ ፉሲን ጠራችው። «ሂድና ፍየል አርቢዋን ማሬይከን ይዘህልኝ ና።»

«ምነው፣ አይብ አማረሽ?»

«ምላስ ነው ያማረኝ። ስትመለስ ደግሞ የሚኒባሱን መቀመጫዎች አንሳልኝ።»

ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው ጀርባ ስታዘነብል ሁሉም ከዳሱ ሥር ተሰበሰቡ። ኢልዴ፣ ጉዌሪኖ፣ ሎሪስ፣ አምስቱ እንግዶች። ጥግ ላይ ማሬይከ ቆማለች። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከሆላንድ መጥታ የእኛን መንደር ልጅ አግብታ የቀረች፣ ኮረብታው ላይ ፍየል የምታረባ ሴት ናት። ጠረኗ ከእሷ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። ጣልያንኛዋ እንደ እኛ ስለሆነ የት እንደተወለደች ማንም ማስታወሱን ትቶታል። ሎሪስ ግን ሲያያት ቀለሙ ተለወጠ።

«ዐቃቤ ሕጉ ይህቺን ሴት ይፈልጋታል» አለች ኦርኔላ። «የቀዳችው እሷ ናት። ግን ቀኑን ሙሉ ሁላችንም ስለ ብርጭቆው ስናስብ ዋልን። ብርጭቆው ማንን ገደለ? ማንንም። መሬት ላይ ተደፍቷል። የገደለው ጣሳው ነው። ጣሳው ደግሞ ኤርሜቴ ካልተሰደበ በቀር አይወርድም። ልክ ነኝ፣ ጉዌሪኖ?»

«ልክ ነሽ።»

«እንግዲህ ጣሳውን መርዝ የቀባው ሰው፣ ኤርሜቴ ዛሬ እንደሚሰደብ አስቀድሞ በምን አወቀ?»

ኦርኔላ ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«ስድቡን ራሱ ስላዘዘ ነው። እዚህ ካላችሁት የጣሳውን ሥርዓት የሚያውቁት ሦስት ናቸው፤ ኢልዴ፣ ጉዌሪኖና ሎሪስ። ከሦስቱ አንዱ እጁን ቢገለብጥ ሁላችሁም ‹አበድክ ወይ› ትሉት ነበር። ባዕድ ብትገለብጥ ግን ‹ምን ታውቃለች› ብላችሁ ትስቃላችሁ። ስለዚህ ባዕድ ያስፈልገው ነበር።»

«ማሬሻሎ፣ አንጓዋ ያማታል ብዬ ነግሬዎታለሁ» አለ ሎሪስ።

«ነግረኸኛል። ከዚያ በኋላ ያንን ማሰሮ በአንድ እጇ አንስታ ውሃ ቀዳችልኝ፤ መዳፏ ወደ ታች። ጉዌሪኖ ያንን ማሰሮ በሁለት እጁ ሲያነሳ ያማትባል። እጇን ስላመማት አይደለም፣ ሎሪስ፤ የገለበጠችው ሰው ‹ገልብጪ› ስላላት ነው። ማሬይከ፣ እስኪ አንቺ ጠይቂልኝ።»

ማሬይከ ጠየቀች። የአገሯን ቋንቋ ከአዲስ አፍ የሰማችው ሄንድሪካ ተንጠራርታ እጇን ያዘቻትና እንደ ቅድሙ አወራች፤ እንደ ቅድሙ እጇን ገለበጠች፤ እንደ ቅድሙ በአገጯ ሎሪስን አሳየች። ማሬይከ አዳመጠች፤ ፊቷ ቀስ በቀስ እንደ ድንጋይ ጠነከረ።

«‹ይሄ መልካም ልጅ ነው ያስተማረኝ› ነው የምትለው። ከሚኒባሱ ጀርባ፣ በባዶ ጠርሙስ። ‹በዚህ አገር በዕድሜ ትልቁ እንግዳ ለባለቤቱ እንዲህ መዳፉን ከፍቶ ከቀዳ ‘ልቤን ከፈትኩልህ’ ማለት ነው፤ ሽማግሌው በደስታ ያለቅሳል፤ ግን ለማንም አትንገሪ› አለኝ ትላለች። ደግሞ...» ማሬይከ ምራቋን ዋጠች። «‹ደስ ብሎት ሞተ፤ ቢያንስ ደስ ብሎት ሞተ› እያለች ነው።»

ጉዌሪኖ ኮፍያውን አወለቀ። «ተርብ አልነበረም» አለ ለራሱ።

«ይህችን ሴት ሁለት ጊዜ መሣሪያ አደረግሃት» አለች ኦርኔላ። «በእጇ ኤርሜቴን ገደልክ። ከዚያ በራሷ ቃል እሷን ልታሳስር ነበር፤ እውነቱን ነገረችኝ፣ አንተ መሐላችን ቁጭ ብለህ ሌላ ነገር አቀበልከኝ።»

«ለምን እገድለዋለሁ?» አለ ሎሪስ። ድምፁ አሁንም የአስጎብኚ ድምፅ ነበር፣ ለስለስ ያለ። «እንደ አባቴ ነበር። ማንንም ጠይቁ። ኢልዴ፣ አንቺ ንገሪያት!»

ኢልዴ አፏን ከፈተች። ፉሲ ከሚኒባሱ መቀመጫ ሥር ያወጣውን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ባያስቀምጥ ኖሮ ትነግራት ነበር። ጠርሙሶቹ ሁሉ የቶጋኒ ስም ተለጥፎባቸዋል። ኦርኔላ አንዱን ከፍታ ለጉዌሪኖ ሰጠችው። ሽማግሌው ጎንጨት አለና የወይን ዳሱ እስኪንቀጠቀጥ ተፋው።

«የሜዳ ወይን ርካሽ ጠጅ! ውሻ አይታጠብበትም!»

«ለእንግዶቹ በመንገድ ላይ በርካሽ ሊሸጥላቸው ነበር» አለች ኦርኔላ። «ስንት ሐሙስ እንደሸጠ እሱ ያውቃል። ኤርሜቴ ሲየና ሄዶ የቀመሰው ይህንን ነው። ቀምሶ ለማን ነገረ? ለሚያምነው ሰው። አይደል፣ ሎሪስ?»

ሎሪስ ከሁሉም ፊት እየራቀ የሄደ መሰለ፤ ከተቀመጠበት ግን አልተነሳም።

«‹ልጄ፣ ሌባውን አብረን እንፈልገው› አለኝ» አለ በመጨረሻ። «አብሬው ፈለግኩ። ሳምንቱን ሙሉ መጋዘን ለመጋዘን አብሬው ዞርኩ። ከዚያ ማክሰኞ ደወለልኝና ‹ሐሙስ ሁሉም ባለበት ስለ አንተ የምናገረው ነገር አለኝ› አለኝ። ስለ አንተ! በቃ፣ ደረሰብኝ። በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው። እኔ በዚህ መንደር ስም የለኝም፤ ያለኝ የሰው ፊት ብቻ ነው። ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

ኦርኔላ ተነስታ የምድር ቤቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ የመጨረሻው ፀሐይ እስከ በርሜሎቹ ድረስ ገባ።

«ና» አለችው።

ሁሉም ተከተሉ። ኦርኔላ ከአራተኛው በርሜል ላይ የአልጋ ልብሱን ሳበችው። አዲሱ እንጨት ላይ፣ ከኢልዴ ስም ቀጥሎ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰው ገና ጭስ ጭስ ይሸት ነበር፦ ሎሪስ።

«በሁሉም ፊት ሊናገር የነበረው ይህንን ነው» አለች። «ኤርሜቴ ነጋዴውን ጠርጥሯል፣ ምግብ ቤቱን ጠርጥሯል፣ እኔንም ሳይጠረጥር አይቀርም። አንተን አልጠረጠረም።»

ሎሪስ ወደቀ፤ ማንም ግን ጭንቅላቱን ሊይዝለት አልተንቀሳቀሰም። ፉሲ አንስቶ እጁን አሰረው። ማሬይከ ለሄንድሪካ ነገሩን ስትነግራት አሮጊቷ የገዛ መዳፏን ዘርግታ አየችው፤ ከዚያ የሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ከጉያዋ ከተተችው።

ወደ መኪናው ሲወስዱት በዳሱ ሥር ማለፍ ነበረባቸው። ኢልዴ ቀድማቸው ጠረጴዛው ጋ ቆማ ነበር። ንጹሕ ብርጭቆ አስቀመጠች። ከሳጥኑ፣ የአባቷ ስም ያለበትን፣ ያንን የሜዳ ጠጅ ጠርሙስ አነሳች። ከሥሩ ያዘችው፤ መዳፏን ወደ ሰማይ ገለበጠች፤ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችለት።

«ጠጣ፣ ወንድሜ» አለችው።

እጁ ታስሮ ነበር። ብርጭቆውን ማንም አላነሳለትም። ማንም አልደፋውም።